የከሳ የስኳር ታማሚ ስለ ቆሽቱም ይጠየቅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስኳር በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁት። ጥሩ ነው፤ ብቻ በሽታውን ዓይነት 1 እና ዓይነት 2 ብሎ ከፍሎ እዚያው ቆመ። እኔ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ከሁለቱም የማይገቡ ሰዎች አሉና ስለ እነሱ ልጨምር።

እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ የሚመጡት ለስኳር ሳይሆን ለ«ጨጓራ» ነው። ከእንብርት በላይ ይዞ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ሲበሉ የሚብስ ሕመም አለባቸው፤ ኦሜፕራዞል ይገዛሉ። ቀጥሎ ተቅማጥ ይመጣል። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ደግሞ ተቅማጥ ከሆነ «ጃርዲያ ነው» እንላለን፤ ቲኒዳዞል ይዋጣል። ጃርዲያም ቅባታም ተቅማጥ ስለሚያመጣ ግምቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ተደጋግሞ ታክሞ ካልተሻለ፣ ሰገራው ቅባት ያዘለና የሚንሳፈፍ፣ ሽታውም የከበደ ከሆነ፣ ሰውየውም እየበላ ከከሳ፣ ቆሽት ሊጠረጠር ይገባል።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዕጢ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ቅባት፣ ፕሮቲንና ስታርች የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ወደ ትንሹ አንጀት ያፈስሳል። በመካከሉ የተበተኑት ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦች፣ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ የሚሆኑት፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠሩትን ኢንሱሊንና ግሉካጎንን ወደ ደም ይለቅቃሉ። የቆሽት ብግነት (መቆጣት) ለዓመታት ሲቆይ ዕጢው በጠባሳ ይተካል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ሥራ ይጎዳል። ክፋቱ፣ ቆሽት ትርፍ አቅሙ ብዙ ነው፤ ቅባት በሰገራ በግልጽ የሚታየው የኢንዛይም ምርቱ 90 በመቶ ያህል ከጠፋ በኋላ ነው። ቅባት ሳይፈጭ ሲወጣ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም አብረው ይባክናሉ፤ ዳፍንትና የአጥንት መሳሳት ከዚህ ሊመጡ ይችላሉ።

ባለሙያዎች ዓይነት 3ሲ የሚሉት የስኳር በሽታ የሚነሣው ከዚሁ ነው። በዓይነት 2 መጀመሪያ ላይ ኢንሱሊን ይመነጫል፤ ሰውነት ግን እንደሚገባው አይታዘዘውም። እዚህ ግን አመንጪው ራሱ ነው የተጎዳው። ከዚህም በላይ፣ የደም ስኳር ሲወርድ ጉበት ስኳር እንዲለቅ የሚያዘው ግሉካጎንም ይጎድላል። ስለዚህ ኢንሱሊን የወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም፣ ወይም በረመዳን እስከ መግሪብ ቢቆይ፣ ስኳሩ ወርዶ መመለሻ ሊያጣ ይችላል። መጾም አለመጾሙ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ግን አይጀምረው።

የብግነቱን መንስኤ በተመለከተ አረቄ በእርግጥ አለበት፤ አልኮል ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ሲጋራም ለብቻው ይጎዳል። ሆኖም በዘር የሚመጣም፣ ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀርም አለ። የታመመውን ሁሉ «ጠጥቶ ነው» የምንለውን ነገር ብንተው ደስ ይለኛል፤ ሰው አፍሮ ሕክምና ይሸሻል።

ለሐኪሞቻችን የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። አዲስ የስኳር ታማሚ ከስቶ ሲመጣ የቆየ የሆድ ሕመም እንዳለው፣ ሰገራው ምን እንደሚመስል፣ ይጠጣና ያጨስ እንደሆነ ይጠየቅ። በደም የሚለካው የቆሽት ኢንዛይም (አሚሌዝና ላይፔዝ) በቆየ ሕመም ላይ ደኅና ሊመስል ስለሚችል በእሱ ብቻ ተማምኖ መሸኘት አይበቃም፤ ሲቲ ስካን በዕጢው ውስጥ የተጠራቀመ ካልሲየም ሊያሳይ ይችላል።

የጎደለው ኢንዛይም በካፕሱል ይተካል፤ የሚዋጠውም ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ አይደለም። አንድ ችግር ግን አለ። በብዛት የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው፤ ይህን ደግሞ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የማወቅ መብት አለው። ዓምዳችሁ ከሐኪም ጋር ካህንና ኢማምም አነጋግሮ መልሳቸውን ቢያወጣ፣ ታማሚው ሲጠይቀኝ የማሳየው ነገር ይኖረኛል።

አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ
ከባሕር ዳር