ስለ ቦርሳው ለጠየቅሽኝ

ይድረስ ለልጄ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን።

ከበግ ቆዳውና ከጥጃ ቆዳው ቦርሳ የቱን ልግዛ ብለሽ የላክሽልኝን የሁለቱንም ፎቶ አየሁት። የበግ ቆዳው እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው፤ ግን አንቺ በየቀኑ ባቡር የምትሳፈሪ ሰው ነሽ፣ እሱን ደግሞ ለመጫር ጥፍር ይበቃል። የኛ ደጋ በግ ሌጦ በውጭ አገር ስሙ የተጠራው በጓንት ነው፤ ጓንት ደግሞ ወንበር ሥር አይጣልም። ላንቺ ፊቱ ጎርበጥበጥ ያለው የጥጃ ቆዳ ይሻልሻል፣ ሻጮች ቶጎ ወይም ካቪያር የሚሉት። ጭረት በጉርብጥብጡ መሃል ይጠፋል።

ሱቅ ስትገቢ ከማርኩ በፊት የታች ማዕዘኖቹን እዪ። ቦርሳ ማርጀት የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ወለል የሚነካው፣ ልብስ የሚፈትገው እሱ ነውና። ሹል ማዕዘን ቶሎ ይላጣል፣ ክብ ያለው ይቆያል። ከዚያ እጀታውን አጠፍ አድርጊና ጠርዙ ላይ የተቀባውን ቀለም ተመልከቺ። ገና በአዲስነቱ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካሳየ ተዪው። ባዶውንም አትሞክሪው። ስልክሽን፣ የውሃ ኮዳሽን፣ ቁልፍሽን ከተሽበት ትከሻሽ ላይ አንጠልጥዪው፤ ስፌቱ የሚለየው ያኔ ነው።

ክሬም ቀለም አልመክርሽም። አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ቀለሙን ያጋባበታል፣ ቆዳው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያወጣው የለም። የፈረንሳዩ የሉዊ ቪቶን ቦርሳ እጀታ ግን፣ ያ ያልተቀባው ነጣ ያለ ቆዳ፣ በፀሐይና በእጅ ወዝ ወደ ማር መልክ ቢዞር አትደንግጪ፤ ጠባዩ ነው። ሳኒታይዘር እጅሽ ላይ ሳይደርቅ ብቻ አትንኪው፣ አልኮሉ ቀለም ያነሳል።

እንግሊዛዊቷ ተዋናይና ዘፋኝ ጄን ቢርኪን የፈረንሳዩ ቦርሳ ሠሪ ኤርሜስ በስሟ የሠራውን የመጀመሪያውን ቦርሳ ለዓመታት ይዛው ዞራለች፤ ተለጣፊ ለጥፋበት፣ የጥፍር መቁረጫ አንጠልጥላበት። ያ ከነጭረቱ ከነእድፉ እ.ኤ.አ. በ2025 ፓሪስ ላይ በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ያንቺ ይህን አያወጣም፤ ቢሆንም አንድ ጭረት ባየሽ ቁጥር እንቅልፍ አትጪ።

ዝናብ ቢመታው በነጭ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረግሽ አድርቂው እንጂ አትፈትጊው። ማሞቂያ አጠገብም አታኑሪው፣ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። የቆዳ ቅባት በዓመት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ያውም ጨርቁ ላይ። አስቀድመሽ ከሥሩ ሞክሪና እስከ ማግስቱ ጠብቂ። ቫዝሊንና የወይራ ዘይት አይነካው፤ ያጠቁሩታል፣ አቧራም ይጠራሉ። እዚህ ስትመጪም ለሊስትሮ እንዳትሰጪው፣ የጫማ ቀለም ቀሚስሽ ላይ ይቀራል።

ክረምት ላይ ከመጣሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አትተዪው፣ ይሻግታል። ነጭ ወረቀት ጠቅጥቀሽበት በጨርቅ ከረጢቱ አቁመሽ አስቀምጪው። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ገበሩን ያበላሻል።

ታዲያ በጥቁሩ ቆረጥሽ ወይስ በቡናማው? ጻፊልኝ።

እናትሽ