የጤና ክበብ የ2017 ዘገባ፦ ነጭ ጋወን የማይለብሱት

የጤና ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ለምትሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ ወረፋ ቆጠርን። ሌላም ሠርተናል፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ያወራነው ስለ ወረፋ ስለሆነ ሌላውን ቶሎ ልጨርሰው። ኅዳር 12 ግቢውን አጸዳን። በዕለቱ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ስለ 1911ዱ የኅዳር በሽታ በሚኒ ሚዲያ አቀረቡ፤ በየሰፈሩ "ኅዳር ሲታጠን" እየተባለ የሚጨሰው ከምን እንደመጣ ብዙው ተማሪ ያኔ ነው የሰማው። ኅዳር 22 የኤድስ ቀን ነበር። ግጥም ተነበበ፣ ድራማም ነበር፣ ድራማው ረዘመ። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ወረፋው።

ጥቅምት ላይ የድሮው የክበባችን ጸሐፊ መጣ። እዚህ ሲማር ቃለ ጉባኤ የሚይዝልን ልጅ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ ብቸኛው ጸሐፊያችን ብል ማጋነን አይሆንም። አሁን ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት ሦስተኛ ዓመት ደርሷል፣ ክረምት ላይ ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም የሥራ ልምምድ፣ ይወጣል። ጓደኞቹ በሙሉ የሚፈልጉት ባንክ ነው። እሱ ሆስፒታል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። "ቲቸር፣ ሁሉም ሰው መርፌ ልትወጋ ነው ወይ እያለ ይስቅብኛል" አለኝ። እናቱም "ባንክ ቢሆን አይሻልህም ልጄ?" ብለውታል። እናት ላይ አይፈረድም። ባንክ የገባ ልጅ ሱፍ ለብሶ ይታያል፣ ሆስፒታል ገብቶ ወረቀት የሚያገላብጥ ልጅ ግን ለጎረቤት ምን ተብሎ ይወራል?

የዛን ቀን ወደ ክበቡ ስብሰባ ይዤው ገባሁ። ልጆቹን "ሆስፒታል ውስጥ ማን ማን ይሠራል?" ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተር፣ ሲስተር፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ አሉና ዝም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ አንዱ "ዘበኛ" አለና ሳቁ። ከዛ ጸሐፊያችን ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፍ ጀመር፦ ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ ሊያይዞን (ሪፈር የተባለውን ታካሚ የሚያገናኘው ክፍል)፣ መድኃኒት መጋዘን፣ ግዢ፣ ሰው ሃብት፣ ልብስ ንጽሕና፣ ምግብ ቤት፣ ጥራት ክፍል፣ የሕክምና መሣሪያ ጥገና፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳው ሰውዬ። ሰሌዳው ሞላ። ከክበባችን አባላት አብዛኞቹ ሲመዘገቡ ለምን መጣችሁ ሲባሉ "ዶክተር መሆን እፈልጋለሁ" ብለው የመጡ ናቸው። ዶክተር ሁኑ፣ ደስ ይለኛል። ግን እኛ መምህራንም ባዮሎጂ የሚወድ ልጅ ባየን ቁጥር ከዶክተር ሌላ ስም አንጠራለትም፣ ይሄ ጥሩ አይመስለኝም።

የአገራችን የጤና አወቃቀር በማኒላ ወረቀት ተሠርቶ አሁን ክፍሉ ግድግዳ ላይ አለ፣ ያላያችሁ እዩት። ከታች ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው። ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000፣ በከተማ እስከ 40,000። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ላይኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነው። አንዷ ልጅ ወረቀቱን አይታ "ታዲያ ሰው ለምንድነው ራሱን ባመመው ቁጥር ጥቁር አንበሳ የሚሄደው?" አለች። ጸሐፊያችን ይቺን ጥያቄ ደብተሩ ላይ ጻፋት። ሰው ታች ያለውን ተቋም ካላመነው፣ ወይም እዛ ሄዶ መድኃኒት ካጣ፣ ላይኛው በር ላይ ነው የሚያድረው፤ ያንን በር ማስተካከል የሚጀምረው ከታች ካለው መጋዘን ነው። እሱም ሊማር የሚፈልገው ይሄን ነው።

ችግሩ ሆስፒታል ገብቶ ምን እንደሚያይ አለማወቁ ነበር። እኛም አናውቅም። ስለዚህ ቅርባችን ካለው ወረፋ እንጀምር አልን፣ ከትምህርት ቤታችን ሪከርድ ቢሮ። ትራንስክሪፕት ሊያወጣ የመጣ የድሮ ተማሪ፣ መልቀቂያ የሚፈልግ ወላጅ፣ ሁሉም እዛች መስኮት ላይ ነው የሚደረደረው። ልጆቹ ገና ሳይጀምሩ ፈርደው ነበር፤ "ሠራተኛዋ ቀስ ስለሚሉ ነው" አሉ። ጸሐፊያችን እንዳትወስኑ አላቸው፣ መጀመሪያ እንይ። ትንንሽ ወረቀት ቆርጠው ሰው ሰልፉ ጫፍ ሲደርስ ሰዓቱን ጽፈው ይሰጡታል፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሌላዋ ልጅ ሰዓት ትጨምርበታለች፣ ሲወጣ ሦስተኛው ይቀበለዋል። ወላጆች መጀመሪያ ሎተሪ መስሏቸው ነበር።

ወረቀቶቹ ሲደመሩ የታየው ሌላ ነው። መስኮቱ ላይ አንድ ሰው የሚፈጅበት ጊዜ ትንሽ ነው። ጉዱ ያለው ተመልሰው የሚሰለፉት ጋ ነው። ሰውዬው ያን ሁሉ ቆሞ መስኮቱ ጋ ሲደርስ "ፎቶ ይዘዋል?" ይባላል። አልያዘም። ሄዶ ተነስቶ ይመጣና እንደገና ከጫፍ ይሰለፋል። ሁለተኛ ሲደርስ ደግሞ "ደረሰኝ ቆርጠዋል?" ገንዘብ ያዥዋ ያሉት ሌላ ሕንጻ ላይ ነው። ሦስተኛ ሰልፍ። የቢሮዋን ሠራተኛ፣ እትዬን፣ ስንጠይቃቸው "ይሄን ስናገር ስንት ዓመቴ!" አሉን። ከዛ በኋላ ልጆቹ በሩ ላይ ምን ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ በትልቁ ጽፈው ለጠፉ፣ በዕረፍት ሰዓት ደግሞ አንድ አባል ሰልፉ ጫፍ ላይ እየቆመ ፎቶና ደረሰኝ ይጠይቃል። ሰልፉ አጠረ። አንድም ሠራተኛ አልተጨመረም፣ ማንም ቶሎ ቶሎ እንዲሠራ አልተገደደም። እትዬ ለልጆቹ ሻይ ጋበዙ፣ ይሄ ቢሮ ለተማሪ ሻይ ሲጋብዝ እኔ አይቼ አላውቅም።

በጥር አንድ ጤና ጣቢያ ልጆቹን ለጉብኝት ተቀበለን። ኃላፊዋ በር ላይ መጀመሪያ ያሉት "እዚህ ያያችሁትን ሰው አላያችሁትም" ነው። ልጆቹ ነገሩ የገባቸው አንደኛው የሰፈሩን ሰው ሰልፍ ላይ አይቶ ሰላም ሊል እጁን ሲያነሳ ነው። እጁን መለሰው። ከሰልፉ ውስጥ ሰውዬው ራሳቸው ቀድመው ሰላም አሉትና ሁላችንም ተነፈስን። ካርድ ክፍሉ ጋ ስንደርስ ያው የእኛ ሪከርድ ቢሮ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሩ ያልታደሰለት ሰው መስኮት ደርሶ ይመለሳል። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ስንት ሰው እንዲህ እንደተመለሰ አላውቅም ግን የዘንድሮውን ልጆቹ በዓይናቸው አዩ። አንዱ ተማሪ የካርድ ብር የት እንደሚገባ ጠየቀ። ድሮ ለመንግሥት ካዝና ገቢ ይሆን ነበር፤ ከጤና ፋይናንስ ማሻሻያው ወዲህ ግን ተቋሙ ራሱ ያስቀረዋል፣ ቦርዱ ሲያጸድቅ ለመድኃኒት ወይም ለጥገና ያውለዋል። ልጁ "እኔ ቦርድ ነው የምሆነው" ብሎ ወጣ።

ስለ ሪፖርትም ነገሩን። የጤና ተቋም ወር በ1 አይጀምርም። ከአንዱ ወር 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለው ነው አንድ ወር ተብሎ ሪፖርት የሚደረገው። ጸሐፊያችን ይሄን ሲሰማ ቀን የሚያስቸግረው እሱን ብቻ አይደለም ብሎ ደስ አለው፣ ምክንያቱም ለኢንተርንሺፑ ኤክሴል እየተለማመደ ስለነበር ቀን የሚባለው ነገር አስመርሮት ነበር። ሠንጠረዡ ላይ የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ይጽፋል፤ ኤክሴል ደግሞ የፈረንጅ ቀን ነው ብሎ ያስባል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለህ ስትጽፍ ሁለተኛ ወራቸው ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበልም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንማ ጭራሽ፣ 13ኛ ወር አያውቅም። በቀን ቅደም ተከተል አድርግልኝ ስትለው እነዚህ ቀኖች ከቦታቸው ወጥተው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ድምሩም ይሳሳታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለየብቻ መጻፍ። ይቺን ያገኛት ራሱ ነው። ሲቪው ላይ "ኤክሴል እችላለሁ" ከሚለው በላይ ይቺ ትበልጣለች አልኩት።

የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ እርዳታ ቁም ሣጥን ያጸዳነውም ለዚሁ ልምምድ ነው። የሥራ ቦታን በሥርዓት በሚያስይዘው የጃፓን ዘዴ፣ በካይዘን አምስቱ ማዎች ሄድን፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ማጣራቱ ላይ ቀኑ ያለፈበት የቁስል ቅባትና ሽሮፕ ወጣ፤ በዝርዝር ተጽፎ ለጤና ጣቢያው ለማስወገድ ተሰጠ፣ ቆሻሻ ውስጥ አልተጣለም። ማስቀመጡ ላይ ክርክር ተነሳ። ልጆቹ አዲስ የመጣውን ፊት ለፊት ደረደሩት፣ ያምራል ብለው። መጋዘን ውስጥ ግን ሕጉ ቀኑ ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ ነው፣ እሱ ነው ፊት የሚሆነው፣ ቀድሞ የገባው ሳይሆን። አሁን እያንዳንዱ ዕቃ ቢን ካርድ፣ ማለትም ገቢና ወጪው የሚጻፍበት ካርድ፣ አለው። ፋሻ የወሰደ ሰው ይጽፋል። ማዝለቁ? ስፖርት ክፍሉ አሁንም ሳይጽፍ ይወስዳል፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ልጆቹ በጣም የተደሰቱበት ግን የደብዳቤው ጨዋታ ነው። ጸሐፊያችን ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ያገኛል፣ ይዞ መሄድ ይቀረዋል። ስለዚህ ክፍሉን ሆስፒታል አደረግነው። አንዱ ጥበቃ፣ አንዷ መዝገብ ቤት፣ አንዷ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ፣ አንዱ ሥራ አስኪያጅ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰው ሃብት። ጥበቃ የሆነው ልጅ "የት ነህ?" ብሎ በር ላይ አስቆመው። "ጋሼ እንደምን አደሩ" ብሎ መጀመር ነበረበት፣ ስልኩን እያየ ገባ፣ ተመለሰ። መዝገብ ቤቷ ደብዳቤው ላይ ማህተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም ብላ መለሰችው። ሦስተኛ ላይ ገቢ ሆነ፣ ቁጥር ተሰጠው። ቁጥሩን ጻፍከው? አልጻፈም! ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ የደብዳቤው ጥግ ላይ "ለሰው ሃብት፣ ተመልክታችሁ አስተያየት" ብሎ መራው። ከዛ ጸሐፊዋ "ደብዳቤህ ተመርቷል፣ ሌላ ቀን ና" አለችው። ለማን እንደተመራ ሳይጠይቅ ወጣ። እንደገና አስጀመሩት። ሲጨርስ ኮፒ ይዞ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ የተመራለትን ክፍል ጠይቆ፣ ሁሉንም በየማዕረጋቸው ጠርቶ ወጣ።

ቃለ መጠይቁ ላይም አልራሩለትም። "ለምን ሆስፒታል?" ሲባል "ሕዝቤን ማገልገል ስለምፈልግ" አለ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ "ይሄን እኮ ሁሉም ሰው ነው የሚለው" አለችው። ትንሽ ተናደደ። ከዛ የሪከርድ ቢሮውን ወረፋ ነገራቸው፣ በሦስት ደቂቃ፣ ፎቶውንና ደረሰኙን ሳይቀር። ልጅቷ "አሁን እቀጥርሃለሁ" አለች።

የመጀመሪያው ሆስፒታል ደብዳቤውን ተቀብሎ ዝም አለ። ቁጥሩን ይዞ ሲጠይቅ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተመርቶ እዛው ቀርቷል። ሁለተኛው ተቀበለው። ክፍያ የለውም፣ ታክሲውም ምሳውም ከኪሱ ነው፤ ይሄን ለሚቀጥለው የምታስቡ ልጆች ከወላጅ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት፣ ምክንያቱም መሃል ላይ ያቋረጡ ልጆች አውቃለሁ።

መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ደወለልኝ። የገባው በሰኔ መጨረሻ ነው፣ በጀት ሊዘጋ ሲል፣ መንግሥት ቤት ሁሉ ቆጠራ ላይ ባለበት። ጥራት ክፍል ይመድቡኛል ብሎ ነበር፣ መጋዘን ወሰዱት። "ቲቸር፣ ጓንት ስቆጥር ነው የዋልኩት" አለ። ደከመህ ወይ ስለው "ቀኑ ቀድሞ የሚያልፈው ኋላ ተደርድሮ አገኘሁት፣ ለመጋዘን ኃላፊው ልንገራቸው ወይስ ልተው?" አለኝ። ገና አዲስ ነህ፣ መጀመሪያ ለምን እንዲህ እንደተደረደረ ጠይቃቸው አልኩት። ጠይቋቸዋል። መደርደሪያው ጠባብ ነው፣ አዲሱ ካርቶን ከኋላ አይገባም።

ለ2018 የክበቡ ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ቤተ ሙከራ ቁጥር 2 ነው። ዶክተር መሆን የማትፈልጉም ኑ። ሰዓት መያዝ የሚችልና የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ ጸሐፊ እንፈልጋለን። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አንዱ ጠፍቷል፣ ያገኘ ለእኔ ወይም ለእትዬ ያስረክብ።