ድርጅቱ ጤነኛ ይመስላል፣ አንድ ክፍል ግን ባዶ እየሆነ ነው፦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ተቆጣጣሪዎች አንድ ድርጅት ሲገቡ የእሳት ማጥፊያውን፣ የማሽን መከለያውን፣ የደመወዝ መዝገቡንና የሥራ ውሉን ያገላብጣሉ። ሠራተኛውን በየቀኑ ስለሚያዘው የቅርብ አለቃ የሚጠይቅ መስመር ግን የፍተሻ ቅጹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። በሰው ሀብት አስተዳደር የምንሠራ ባለሙያዎች ይህ መስመር እንዲጨመር እንጠይቃለን።

ድርጅቶች የሠራተኛ ፍልሰትን የሚያሳውቁት በጥቅሉ ነው። 200 ሠራተኞች ካሉት ድርጅት በዓመት 16 ቢለቁ ፍልሰቱ 8 በመቶ ነው፤ ማንንም አያስደነግጥም። ከ16ቱ 5ቱ የወጡት 12 ሰው ካለበት አንድ ክፍል ከሆነ ግን የዚያ ክፍል ፍልሰት 42 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ የቀረው ድርጅት ደግሞ ከ6 በመቶ አያልፍም። የችግሩ ምንጭ ደመወዝ ብቻ ቢሆን ሌሎቹም ክፍሎች በተመናመኑ ነበር። በእርግጥ ትንሽ ክፍል ውስጥ የአንድ ዓመት ቁጥር አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል የሦስት ዓመቱ አብሮ ይታይ፤ ጡረታና ዝውውርም ይቀነስ። አለቃው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ቁጥሩ ከተከተለው ግን ምንጩ አለቃው ነው የሚለው ጥርጣሬ በጣም ይጠናከራል።

ጉዳቱ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ቀድመው የሚለቁት ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚፈለጉት ናቸው። ሥራቸው በቀሩት ላይ ይደረባል፤ አዲስ ተቀጣሪውን የሚያሳየው ሰው ይጠፋል፤ ስህተት ይበዛል። አለቃው ስህተቱን ሲያይ ቁጥጥሩን ያጠብቃል፤ እያንዳንዱ ወረቀት የእሱን ፊርማ ሲጠብቅ ሥራው ጠረጴዛው ላይ ይከመራል። ከሁሉ የሚከፋው ዝምታው ነው። ስህተት የተናገረ በሚሰደብበት ክፍል፣ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ሰዓት ይስተካከል የነበረ ብልሽት የሚታወቀው ዕቃው ደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ ነው። የሰውም ጤና አብሮ ይሄዳል፦ በስዊድን ከ3,000 በላይ ወንድ ሠራተኞችን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በደካማ አለቆች ሥር የሠሩት ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው እንደነበር አሳይቷል።

እንዲህ ያለው አለቃ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን አሳምሮ ስለሠራ ተሾመ፤ ሰው ማሠራት ሌላ ሙያ መሆኑን የነገረው ግን የለም። ለባለሙያ ደመወዝ የሚጨመርበት ሌላ መንገድ ከሌለ፣ መምራት የማይወደውም ለኃላፊነት ይወዳደራል። ለሙያና ለኃላፊነት የተለያየ የደረጃ እድገት ይኑር፤ ሹመቱም መጀመሪያ ለ6 ወር በተጠባባቂነት ይሁን፣ ያልሆነለትም ደረጃው ሳይነካ ወደ ሙያው ይመለስ።

ቅሬታ አቀራረቡም መለወጥ አለበት። ብዙ ደንቦች ቅሬታ በቅድሚያ ለቅርብ አለቃ ይቅረብ ይላሉ፤ ይህ ተከሳሹን ዳኛ ማድረግ ነው። ሁለተኛ በር ይከፈት፤ አቤቱታው መድረሱ በ3 የሥራ ቀን ይረጋገጥ፤ በ30 ቀንም መልስ ይሰጥበት። የአቤቱታ አቅራቢው ፈረቃ፣ የፈቃድ ጥያቄና የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ደግሞ ለ6 ወር ይታይ፤ በቀል የሚመጣው በእነዚህ ነው እንጂ በደብዳቤ አይደለም።

የመልቀቂያ ቃለ መጠይቅም በመጨረሻው ቀን፣ የሥራ ልምድ ማስረጃው ገና በአለቃው እጅ እያለ ሲደረግ ሁሉም «በግል ምክንያት» ብሎ ይፈርማል። ሰውየው ወረቀቱን ተቀብሎ ከሄደ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ፣ ከክፍሉ ውጭ ያለ ባለሙያ ይጠይቀው።

ይህ ለተቆጣጣሪ የማይሞከር ነገር አይደለም። የእንግሊዝ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመዘኛ የሥራ ጫናን፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ያለውን ውሳኔ፣ ድጋፍን፣ ግንኙነትን፣ የሥራ ድርሻን ግልጽነትና የለውጥ አያያዝን እንዲመዘኑ አድርጓል፤ መጠይቁ 35 ጥያቄ ብቻ ነው።

በመጪው የፍተሻ ቅጽ አራት ጥያቄዎች ይግቡ፦ ከየክፍሉ ስንት ሰው ለቀቀ? በየክፍሉ ስንት ቀን የሕመም ፈቃድ ተወሰደ? ቅሬታ ለማን ይቀርባል? አለቃው ከመሾሙ በፊት ምን ሥልጠና ወሰደ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልሶች ከድርጅቱ መዝገብ ይወጣሉ፤ የሚቀረው በክፍል መለየት ነው።

በአክብሮት፣
የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዎች