በትልቅ ካሊበር ሌቨር አክሽን ጠመንጃችሁ ላይ የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ የደንበኞች አገልግሎትና የዋስትና ክፍል

ጉዳዩ፦ ባለ .45-70 ጠመንጃችሁን አዳኞች የሚተዉበትን ምክንያት ስለማሳወቅና እርማት ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ .45-70 የተባለውን ትልቅ ጥይት በሚተኩሰው፣ ከሥሩ ያለው እጀታ ሲከፈትና ሲዘጋ በሚቀባበለው በዚህ ጠመንጃ የምናድንና ሲበላሽም የምንጠግን ሰዎች ነን። ጠመንጃው ከነችግሩ ሲላክላችሁ ከዋስትና ክፍላችሁ የሚመጣው መልስ ያው አንድ ነው፦ «ትልቅ ካሊበር በባሕሪው ይራገጣል፤ ተጠቃሚው ሊለምደው ይገባል፤ ጠመንጃው ተፈትሾ ጉድለት አልተገኘበትም»። ጉድለት ያልተገኘበት ጠመንጃ ግን ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይቀረቀራል። ባለቤቱም ሸጦት ቦልት አክሽን (በጎን እጀታ የሚቀባበል ጠመንጃ) ይገዛል፤ እናንተ ዘንድ የሚመዘገበው «ርግጫውን አልቻለውም» ተብሎ ነው።

ስለ ርግጫው አስቀድመን ተነጋግረን እንለፈው። 3.2 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ 405 ግሬን ወይም 26 ግራም የሚሆን እርሳስ (ከቀለሁ ተነጥሎ የሚወጣውን የጥይቱን ክፍል) በሰከንድ 550 ሜትር ሲተፋ ወደ ትከሻ የሚመለሰው ጉልበት ከ50 ጁል ያልፋል። በዚያው ክብደት የተለመደው የአደን ጥይት .308 ሲተኮስ ከሚመጣው ከእጥፍ ይበልጣል። ይህን የማያውቅ ሰው .45-70 አይገዛም። የሚያማርረው እናንተ የጨመራችሁበት ነው። የሰደፉ ጎማ ቀጭንና ደረቅ ነው። የሰደፉ ጀርባ ደግሞ በብረት ማነጣጠሪያ ለሚተኩስ ሰው ዝቅ ተደርጎ ተቆርጧል፤ ይኸው ሰው የማነጣጠሪያ መነጽር ሲያስርበት ጉንጩን የሚያሳርፍበት ያጣል፣ አንገቱን ያንጠራራል። ሲተኩስ እንጨቱ ከታች ጉንጩን ይጠልዘዋል፤ መነጽሩ ከላይ ቅንድቡን ይተረትረዋል። ከመነጽሩ የኋላ መስተዋት እስከ ዓይን ቢያንስ 9፣ ቢቻል 10 ሴንቲሜትር ሊኖር እንደሚገባ መመሪያችሁ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። እንዲህ አድርጎ አምስት ስድስት ጥይት የተኮሰ ሰው ምላጭ ሲስብ ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል።

ዋናው ቅሬታችን ግን ከውስጥ ያለው የጥይት ማንሻ ነው። እጀታው ወደ ታች ሲከፈት፣ ከአፈሙዙ ሥር ካለው ቱቦ ካዝና አንድ ጥይት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ማንሻው ላይ ይተኛል፤ እጀታው ሲዘጋ ማንሻው ጥይቱን ወደ ጥይት ቤቱ አፍ ከፍ ያደርገዋል። ማንሻው ሌላም ሥራ አለው፦ እጀታው ተዘግቶ ሳለ ቀጣዩ ጥይት ከቱቦው እንዳይሾልክ በግንባሩ ይይዘዋል። ይህን ከፍታ የሚጠብቅለት ከሥሩ የሚደግፈው የእጀታው አፍንጫ (ውስጥ የገባው ጫፉ) ነው። ከፋብሪካችሁ የሚወጣው አፍንጫ እንደተቆረጠ ያለ ነው፣ ጠርዙን ሞረድ አልነካውም፤ ጣት ሲያልፍበት ይቧጥጣል። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የማንሻውን ሆድ ይፍቃል። ማንሻውን አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ገልብጣችሁ ብታዩት፣ ሆዱ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ታገኛላችሁ። ቦዩ በጠለቀ መጠን ማንሻው ዝቅ ይላል፣ ግንባሩም ጥይቱን መያዝ ያቅተዋል። አንድ ቀን ሁለተኛው ጥይት ጥቂት ከቱቦው ወጥቶ ከማንሻው ሥር ይሸጎጣል። ያን ጊዜ እጀታው መሐል ላይ ቆሞ አይከፈትም፣ አይዘጋም።

ጉልበት የጨመረበት ሰው ብረቱን ያጣምማል። ትክክለኛው መንገድ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሮ የእጀታውን ብሎን መፍታት፣ እጀታውንና ቦልቱን (ጥይት ቤቱን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት) መንቀል፣ ከዚያም የሾለከውን ጥይት በቀጭን ካቻቪቴ ወደ ቱቦው መልሶ መግፋት ነው። ጠረጴዛ ላይ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ፣ የቆሰለ ከርከሮ በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሳለ ግን ካቻቪቴ የሚፈልግ የለም።

መድኃኒቱ ከዚህ ሁሉ ጣጣ አንጻር ትንሽ ነው። የአፍንጫውን ስል ማዕዘን በደቃቅ ሞረድ ማክበብ፣ ከዚያ በ400 እና በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል። ቁመቱ መነካት የለበትም፤ ከተነካ ማንሻው ይበልጥ ይወርዳል። ቦዩ አስቀድሞ ከተቆፈረ ግን ማለስለሱ ብቻውን አይጠቅምም፤ ወይ በብየዳ ሞልቶ እስከ ቀድሞ ልኩ መሞረድ፣ ወይ ማንሻውን መቀየር ነው። እናንተ ማንሻውን ቀይራችሁ ያንኑ እጀታ ስትገጥሙበት፣ አዲሱን ብረት ለአሮጌው መሮ አስረከባችሁት ማለት ነው። ተጠግኖ መጥቶ እንደገና የሚቀረቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የጥይቱ ጉዳይ አለ። መመሪያችሁ «የፋብሪካ ጥይት ብቻ ይጠቀሙ» ብሎ ያልፋል። .45-70 የአሜሪካ ጦር በ1873 እ.ኤ.አ. የተቀበለው፣ በ70 ግሬን ጥቁር ባሩድ የሚሞላ ጥይት ነበር። አሮጌዎቹ ጠመንጃዎች እንዳይፈነዱ ሲባል መደበኛው የፋብሪካ ጥይት ዛሬም ግፊቱ ከ28,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) እንዳያልፍ ተደርጎ ይሞላል። የእናንተ ጠመንጃ ከዚያ በላይ እንደሚችል የሚያውቀው የሚያውቅ ብቻ ነው። አዲሱ ገዢ ይህን በትንሽ ግፊት የተሞላ ጥይት ይገዛና በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ የሚወጣ እርሳስ ይተኩሳል፤ 100 ሜትር ላይ አስተካክሎት 200 ሜትር ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ሲወድቅበት ጠመንጃው የተበላሸ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ በጣም ኃይለኛውን ገዝቶ ትከሻውን ይጠላል። በሁለቱ መካከል ለአብዛኛው አደን የሚበቃ ጥይት እንዳለ የሚነግረው የለም።

ጥይት ራሳቸው ለሚሞሉት ደግሞ ልኮቹ በግልጽ መጻፍ ነበረባቸው። የጥይቱ ሙሉ ርዝመት ከ64.8 ሚሊሜትር ካለፈ ማንሻው ላይ ይሰነቀራል። ለስላሳ የፕላስቲክ ጫፍ ላላቸው ረጃጅም እርሳሶች ቀለሁ ከ53.5 ወደ 51.8 ሚሊሜትር መቆረጥ አለበት፤ ይህን ያልሰማ ሰው ጥይቱ አልቀባበል ሲለው እጀታውን በቡጢ ይመታል። ቀለሁ እርሳሱን አጥብቆ ካልነከሰው፣ ቱቦው ውስጥ በርግጫው ብዛት እርሳሱ ወደ ቀለሁ ይሰምጣል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ከሁሉ በላይ፣ ደረቅና ሹል ጫፍ ያለው እርሳስ ቱቦ ካዝና ውስጥ ከፊቱ ያለውን ጥይት መለኮሻ ሊመታና ሊያፈነዳ እንደሚችል በትልቁ መታተም ሲገባው፣ መመሪያችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ተቀብሯል።

የሰደፉ እንጨት መሰንጠቅም የእናንተው ነው። ሰደፉን የያዘው አንድ ብሎን ነው። እንጨቱ ከፊት በኩል ከብረቱ ጋር እኩል ተገጥሞ ምቱን መቀበል፣ ወደ እንጨቱ ከሚዘልቀው የብረቱ ምላስ መጨረሻ ጋር ግን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል መራቅ አለበት። እናንተ ለመልኩ ብላችሁ ምላሱን አጥብቃችሁ ትገጥሙታላችሁ፤ በተተኮሰ ቁጥር ብረቱ እንደ ሽብልቅ እየገባ ከምላሱ ጀርባ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ሴፍቲውም ሳይጠቀስ አይታለፍ፦ ተቆልፎ እያለም ምላጭ ሲሳብ መዶሻው ይወድቃል። ሴፍቲውን የረሳ አዳኝ የሚሰማው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው፤ አውሬውም ይሰማዋል። የጥይት ማስገቢያው መዝጊያ ጠርዝ አውራ ጣት እንደሚቆርጥ የማያውቅ በመካከላችን የለም።

ሁሉም ጥፋት የእናንተ ነው አንልም። ክፍት ሜዳ ላይ ከ250 ሜትር በላይ የሚተኩስ ሰው ይህን ጠመንጃ ቢተው መጀመሪያም ለእሱ የሚሆን አልነበረም። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ በ80 ሜትር የሚያድን ሰው ግን ሊተወው አይገባም ነበር፤ እየተወው ያለውም እሱ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ማንሻው በቦይ የተበላ ጠመንጃ ሁሉ የዋስትና ጊዜው ቢያልፍም ማንሻውና እጀታው አብረው ይቀየሩ ወይም ይስተካከሉ፤ አዲስ የሚወጣው እጀታ አፍንጫው ሳይለሰልስ ከፋብሪካ አይውጣ። የሰደፉ ጎማ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ለስላሳ ጎማ ይተካ፤ መነጽር ለሚያስሩም ጉንጭ ማሳረፊያ ይዘጋጅ። ስለ ጥይት ከላይ የዘረዘርናቸው ልኮች በአንድ ገጽ ታትመው ከጠመንጃው ጋር ሳጥኑ ውስጥ ይግቡ። እንጨቱ ለተሰነጠቀባቸው «በአያያዝ ጉድለት» የሚለው መልስ ይነሳ።

በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሦስት ማንሻዎች ፎቶ ተያይዟል፤ ቦዩን ለማየት ከጎን በኩል ብርሃን አብሩበት።

ከሰላምታ ጋር

ፈራሚዎቹ አዳኞችና የጠመንጃ ጠጋኞች

አባሪ፦ 3 ፎቶግራፍ፣ 1 የተሰነጠቀ ሰደፍ