ደብዳቤ ለልጄ፦ አባ ጎርጎርዮስ የደረሰበት አገር ነው ያለኸው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ትንሽ ቢያመውም ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን አልተወም። ባለፈው ቅዳሜ ስንደዋወል ያልከኝ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ እንዳልነግርህ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ይበላዋል። ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ ደጋግመህ ታነበዋለህ።

አብሮህ የሚማረው ልጅ "የራሳችሁ ፊደል አላችሁ እንዴ?" ሲልህ አዎ ብለህ ዝም አልክ። ለምን ዝም አልክ? ልጁ በክፋት አልጠየቀህም፤ አያውቅም፣ ጠየቀ። አንተ ግን የምትነግረው ሞልቶልህ ነበር፣ ያውም እዚያው ጀርመን፣ በምትኖርበት በኤርፈርት ከተማ።

የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት ያሳተመው ሰው የተወለደው ኤርፈርት ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፣ በ1624 ተወለደ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ)። ስንት ዘመን አማርኛ ሳስተምር ስሙን ለተማሪዎቼ እየጠራሁ ኖሬ፣ የገዛ ልጄ እሱ ተወልዶ ባደገበት ከተማ እየኖረ ሳልነግረው መቅረቴ ቆጨኝ።

ሉዶልፍ ግዕዝ የጀመረው ገና በወጣትነቱ ነው። ያኔ በእጁ የሚገባው መጽሐፍ በጣም ጥቂት፣ እሱም ስህተት የበዛበት። በ1649 ለሌላ ጉዳይ ሮም ሲላክ፣ እዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የእኛ መነኮሳት የሚያርፉበት ቤት ነበርና ሄዶ አንኳኳ። አባ ጎርጎርዮስን ያገኘው እዚያ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው ነው፣ ከመካነ ሥላሴ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊኮቹ ጋር የቆመ ሊቅ ስለነበር፣ አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን) ሲያባርሩ እሱም አገሩን ለቀቀ።

አሁን እስቲ አስበው ልጄ። አንዱ ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ሌላው ግዕዝን የሚያውቀው ለጸሎት፣ ለዜማና ለንባብ ነው፣ "ውሃ ስጠኝ" ተብሎ የሚወራበት ቋንቋ አልነበረም። ሌላ የሚግባቡበት ቋንቋ ስለሌላቸው በዚያው በግዕዝ ማውራት ጀመሩ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። አክሱም ላይ በድንጋይ የተቀረጸ ቋንቋ፣ ሮም ላይ የመካነ ሥላሴን መነኩሴና የኤርፈርትን ልጅ አገናኘ!

በ1652 ከኤርፈርት ቅርብ የሆነችው የጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ ጠራው። ሉዶልፍ ኑረንበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበለው። አባ ጎርጎርዮስም ያንን በጋ ጎታ ሰነበተ። እነሱ ይጠይቁታል፣ እሱ ይመልሳል፤ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ወንዞቹና ተራሮቹ፣ ስለ እንስሳቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት፣ ሰው ስለሚበላውና ስለሚጠጣው። አማርኛንም ሉዶልፍ የተማረው ከእሱ ነው። ጀርመን ከሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነበር፣ መንደሩ ተቃጥሎ፣ ሰዉ አልቆ። በዚያ ሁሉ መሃል ቁጭ ብሎ የሩቅ አገር ሰው የሚያዳምጥ መገኘቱ እኔን ይገርመኛል።

ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን አገሩን ዳግመኛ አላየም። በ1658 ወደ ቤቱ ሊመለስ ተነስቶ እስክንድሩና (ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለች የወደብ ከተማ) አጠገብ መርከቡ ሰጠመ። ነፍሱን ይማር። ሉዶልፍም አልረሳውም። የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 ሲያሳትም ከማን እንደሰማ ስሙን ጠርቶ ጻፈ፣ ቆይቶ ባወጣው ማብራሪያ ላይ ደግሞ ምስሉን አስገባለት። የአማርኛው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ የታተሙት በ1698 ነው። ሉዶልፍ 74 ዓመቱ ነው፣ ወዳጁ ከሞተ 40 ዓመት ሆኖታል። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም።

እሱ ብቻ እንዳይመስልህ። ከእሱ በፊት ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ ሮም ውስጥ የእኛ ሰዎች ዳዊት ሲያዜሙ ሰምቶ ጆሮው ቆመ፤ ከአባ ቶማስ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ያ ነው። በ1534 ደግሞ ሚካኤል የሚባል ዲያቆናችን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል። ዲልማን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በ1865 ያወጣውን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይገልጡታል።

ጀርመኖች ለቃል ያላቸውን ትዕግሥት ውደድላቸው። የግሪም ወንድማማቾችን በተረታቸው ታውቃቸዋለህ፣ ትንሽ ሆነህ አንብቤልሃለሁ። እነሱ በ1838 የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ታላቅየው ያዕቆብ "ፍሬ" የሚለው ቃል ላይ እንደደረሰ በ1863 ሞተ። ሌሎች ተቀበሉት፣ የእነሱም ተማሪዎች ተቀበሉ። አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ እንኳ ከምሥራቅም ከምዕራብም ያሉ ምሁራን አብረው ሠሩትና በ1961 አለቀ። 123 ዓመት! ሲያልቅ የማያዩት ሰዎች ናቸው የጀመሩት።

ግን ደግሞ ሁሉም ነገራቸው ያማረ ነው ብዬ አልዋሽህም። አንተ መሐንዲስ ልትሆን ነው፣ ስለዚህ ይሄንን በደንብ ስማኝ። እዚያው ኤርፈርት ቶፕፍ እና ልጆቹ የሚባል ፋብሪካ ነበር። በናዚ ዘመን ለቡኸንቫልድና ለአውሽቪትዝ የእስረኛ ካምፖች ሬሳ ማቃጠያ ምድጃ የሠሩት የዚያ ፋብሪካ መሐንዲሶች ናቸው። የሚሠሩት ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ደብዳቤያቸውን ሲዘጉ እንኳ "ሁልጊዜ በደስታ ልናገለግልዎ ዝግጁ ነን" የሚል የጨዋ ሰላምታ ይጽፉ ነበር። ያንን ቃል ዛሬ በሕንፃው ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፈውታል፣ ቤቱንም ከ2011 ጀምሮ መታሰቢያ አድርገውታል። ሄደህ እየው። ብቻህን አትሂድ፣ ከባድ ነው፤ ግን ሂድ። ጀርመኖቹ ራሳቸው በደላቸውን ሳይሸፍኑ ለልጆቻቸው ማሳየታቸው ከምንም በላይ የማከብርላቸው ነገር ነው። እኛም አገር ብዙ የሚነገር ነገር አለ፣ እንደዚህ በግልጽ ብንነጋገርበት ምኞቴ ነው።

እሁድ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፣ ጭር ይላል ብለህ ያማረርከውን ደግሞ ተወው። የእሁድ ዕረፍት በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈ ነው፣ ከ1919ኙ ከቫይማሩ ሕገ መንግሥት የመጣ። ሰንበትን ማክበር ለአንተ አዲስ አይደለም። አስቤዛህን ቅዳሜ ግዛ፣ እሁድ ቅዳሴ ካለ ሂድ፣ ከሌለ ተኛ፣ ደውልልኝ።

እና አንድ ቀን ትምህርት በማይኖርህ ጊዜ ባቡር ያዝና ጎታ ሂድ። ቅርብ ነው። ያ መስፍን ያሠራው ፍሪደንሽታይን የሚባለው ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሟል፣ ውስጡም ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ። ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ በቫይበር ይሻላል። ስለ ፊደላችን የጠየቀህንም ልጅ ፈቃደኛ ከሆነ አብረህ ውሰደው። በባቡሩ ውስጥ ወረቀት አውጣና ስሙን በፊደላችን ጻፍለት። የጀርመን ስም ላይ አስቸጋሪ ድምፅ ካለ እንዴት አድርገህ እንደጻፍከው ንገረኝ፣ እኔም አስቤበት እመልስልሃለሁ።

በርበሬውንና ሽሮውን በጎረቤታችን ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ። በደንብ ልበስ።

እናትህ