ሰባት ቧንቧ ጎደለን (የድጋፍ ጥሪ)

በአገር ውስጥም በውጭም ለምትገኙ የመንደራችን ተወላጆች፣ ለእድራችን አባላትና ለወዳጆቻችን፦

እንደገና መጣን። ባለፈው ዓመት «ከዚህ በኋላ አናስቸግራችሁም» ማለታችንን አልረሳንም፤ ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው። በነሐሴ አጋማሽ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ወንዙን አሻግረን የዘረጋነውን 42 ሜትር የብረት ቧንቧ ከነምሰሶው ጠርጎ ወሰደው። ከቧንቧዎቹ ሁለቱን ታች ሽንኩርት ማሳ ውስጥ እንደ ሽቦ ተጣጥፈው አገኘናቸው። ምንጩ ደህና ነው፣ የላይኛው መስመርም ደህና ነው። ውሃው ከአርሲ ተራሮች ግርጌ ተነስቶ ሰፈራችን ሊገባ ሲል ገደል ውስጥ ይፈሳል።

ከመስከረም ወዲህ ወደ ድሮው ጉድጓድ ተመልሰናል። ያንን ውሃ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በዝዋይና በመቂ ዙሪያ ያደገ ሰው በጥርሱ ያውቀዋል። ኩልል ያለ ነው፣ አይሸትም። ሲመረመር ግን በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን) ተገኘበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ነው። ከእሳተ ገሞራው አለት እየሟሟ የሚገባ ስለሆነ ጉድጓድ ማጽዳት አይፈይድም፣ ክሎሪንም አይነካውም። ማፍላት እንዲያውም ያብሰዋል፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራልና። ዕድሜ ልካቸውን «አፍልታችሁ ጠጡ» የተባሉ እናቶች ይህን ስንነግራቸው አላመኑንም፤ አንፈርድባቸውም።

የልጆቻችን ደብተር ላይ እንደተጻፈው፣ ከምድር ውሃ ከመቶ 97 ተኩሉ ጨዋማ ነው። ከቀረው ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በረዶ ነው፣ ሌላው በአብዛኛው ከርሰ ምድር ውስጥ ነው። ለእኛ የደረሰን ከርሰ ምድሩ ነበር፣ እሱም እንዲህ ሆነ። ደምበል ሐይቅ ከደጃችን ይታያል፤ ሳይጣራ ግን አይጠጣም።

የስምንተኛ ክፍል ልጆች ለፈተና መታወቂያ ፎቶ ሲነሱ አፋቸውን ግጥም አድርገው ነው። ጥርሳቸው የበለዘው ገና ከድድ ሥር ሳይወጣ ነው፤ በመፋቂያ አይለቅም። የመጀመሪያውን ጉድጓድ የገነቡልን አዛውንት ዛሬ ሲጠሯቸው አንገታቸው ስለማይዞር መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ። መስገድ ካቆሙ ቆይተዋል።

አሁን ወደሚነሳብን ጥያቄ። «በ2011 ለአጥንት ከሰል ማጣሪያ የወጣው ብር የት ገባ?» የሚሉ አሉ። ከተቃጠለ የከብት አጥንት በተሠራ ከሰል ፍሎራይዱን የሚይዘው ማጣሪያ ተገዝቷል፣ ሠርቷልም። ግን ከሰሉ ሲጠግብ መለወጥ አለበት፣ የሚለውጥ አልተገኘም። ከዚያ በላይ ደግሞ ግማሹ ሰው በከብት አጥንት ያለፈ ውሃ አልጠጣም አለ፤ በጾም እንዴት ይሆናል ያለ አለ፣ ከብቱን ማን እንዳረደው ያልታወቀ ብሎ የጠየቀም አለ። ሳናማክር መግዛታችን ጥፋታችን ነው። አንዲት ሳንቲም ግን አልጠፋችም፤ መዝገቡ ክፍት ነው። ደግሞስ 9 ኪሎ ሜትር ቦይ በዶማ የቆፈረ፣ አራት ቦኖ ያቆመ ሕዝብ ይህ ብቻ ይነሳበት?

አሁን የሚያስፈልገን ባለ 6 ሜትር ሰባት ቧንቧ፣ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን)፣ ሲሚንቶና የብየዳ ዋጋ ነው፦ በድምሩ 480 ሺህ ብር። ምሰሶውን በዚህ ጊዜ ከፍ አድርገን በጋቢዮን እናስረዋለን። 171 ሺህ ተሰብስቧል፣ 309 ሺህ ይቀራል። ፕሮፎርማው የሚያገለግለው ለ15 ቀን ብቻ ነው፤ ባለፈው ስንዘገይ ዋጋው ጨምሮ ጠበቀን።

ሪያድ፣ ዱባይና ቤሩት ያላችሁ እህቶቻችን፣ ባለፈው ከሁሉ ቀድማችሁ የላካችሁት እናንተ ናችሁ፤ ደግሞ መጠየቁ ይከብደናል። ከተማ ያላችሁ ነጋዴዎች ግን ቅድሚያውን ውሰዱ። «ተጠምቼ አጠጥታችሁኛል» የሚለውን ቄሱ፣ ስለ ሰደቀቱል ጃሪያ (ምንዳው ስለማይቋረጥ ምጽዋት) ሼሁ በየበኩላቸው ነግረውናል፤ ቦኖው ላይ ጀሪካኑ አንድ ሰልፍ ነው።

የሂሳብ ቁጥሩ አልተቀየረም፤ በቀድሞው ደረሰኝ ጀርባ በእድሩ ማህተም ሥር ያለው ነው። ብሩ የሚወጣው በሦስት ፈራሚ ነው። ደረሰኙ የጠፋበት ከእድሩ ጸሐፊ ይጠይቅ። በግል ስልክ በቴሌብር ላኩ የሚላችሁ ቢኖር የእኛ ሰው አይደለምና አትላኩ። ደግመን እንላለን፦ በደረሰኙ ጀርባ ባለው ቁጥር ብቻ። ስታስገቡ ስማችሁንና «ለቧንቧ» የሚለውን ጻፉ፤ ባለፈው ስም የሌለው 6 ሺህ ብር ገብቶ ባለቤቱን እስከ ዛሬ አላገኘነውም።

በእጅ መስጠት ለምትፈልጉ፣ እሑድ ከሰዓት ገንዘብ ያዡ የእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ደጃፍ ደረሰኝ ይዞ ይቀመጣል።

የውሃ ኮሚቴው