ፊልም ይመስላል ተብሎ ስለተሸጠልኝ ዲጂታል ካሜራ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለካሜራው አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የጠፉብኝ 31 ፎቶዎች እንዲፈለጉልኝና የካሜራው የአሠራር ጉድለት ለአምራቹ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ባለፈው ታኅሣሥ ወር «የፊልም ካሜራን ስሜት የሚመልስ» ተብሎ የሚተዋወቀውን ዲጂታል ካሜራ ከመደብራችሁ ገዝቻለሁ። ካሜራው ከኋላው ስክሪን የለውም፤ አንዱ «ጥቅል» 36 ፎቶ ይይዛል፤ 36ቱ ተነሥተው ሳያልቁ ደግሞ በስልክ መተግበሪያው ከፍቶ ማየት አይቻልም። ይህን ሁሉ አውቄና ወድጄ ነው የገዛሁት። ፒያሳ በሚገኝ ፎቶ ቤት ፊልም ሳጥብና ፎቶ ሳትም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቆጥቦ ማንሣትም ሆነ ውጤቱን ጠብቆ ማየት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የናፈቀኝ እሱው ነበር።

ማክሰኞ ጥር 19 ቀን የእህቴ ልጅ መልስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ ሙሽሮቹ የአያታቸውን ጉልበት ሲስሙ እየመረጥኩ አነሣሁ። 31ኛውን እንዳነሣሁ ባትሪው አለቀ። ቤት ገብቼ ቻርጅ አድርጌ ስከፍተው ቆጣሪው ወደ 36 ተመልሶ ጠበቀኝ። መተግበሪያው ውስጥ ምንም የለም፤ ሚሞሪ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ባየውም ባዶ ነው። በማግሥቱ ስደውል ከሠራተኛችሁ ያገኘሁት መልስ «ጥቅሉ ሳያልቅ ባትሪው ከዘጋ ይሰረዛል፤ ፊልምም ቢሆን እኮ ይቃጠል ነበር» የሚል ነው።

ይህ አባባል ትክክል አለመሆኑን በአክብሮት ላስረዳ። ፊልም የሚቃጠለው የካሜራው ክዳን ብርሃን ላይ ሲከፈት ነው፤ ባትሪ ስላለቀ የተቃጠለ ፊልም በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ካሜራው መሀል ላይ ተበላሽቶ የመጣ ደንበኛ ሲኖር ጨለማ ክፍል ገብተን፣ ክፍሉ በተያዘ ቀን ደግሞ እጃችንን ካሜራው ጋር ጋቢ ውስጥ ከትተን በዳሰሳ ፊልሙን እናወጣው ነበር። 20 ተነሥቶ ከሆነ 20ውን አጥበን፣ ኔጋቲቩን (ፎቶው የሚታተምበትን የታጠበ ፊልም) ቆራርጠን በፖስታ አድርገን ለባለቤቱ እናስረክባለን። ፊልም ሰውን የሚያስጠብቀው ይህን የሚጨበጥ ነገር በምትኩ እየሰጠ ነው። የእናንተ ካሜራ ግን ጥበቃውን ወስዶ ኔጋቲቩን ትቶታል።

36 የሚለው ቁጥርም ቢሆን ከፊልሙ ርዝመት የመጣ እንጂ ለቅጣት የተደነገገ አልነበረም፤ እጁ የለመደ ሰው ፊልሙን ካሜራው ውስጥ ሲያጎርስ ቆጥቦ 37ኛ፣ አንዳንዴም 38ኛ ፎቶ ያወጣበት ነበር። ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ በአውራ ጣት የሚጎተተው መሙያ ዘንግም እንዲሁ ሥራ ነበረው፦ በአንድ ጉተታ ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ፎቶ ያሳልፋል፣ ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባውን መዝጊያም ለቀጣዩ ፎቶ ይወጥራል። የተሸጠልኝ ካሜራ ዘንግ ሲጎተት ከድምፅ ማጉያው ክርር የሚል ድምፅ ከማሰማት ያለፈ ሥራ የለውም፤ ሳይጎተትም ካሜራው ያነሣል።

ይህን ስል የማይቻል ነገር እየጠየቅሁ አይደለም። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው አር-ዲ1 ዲጂታል ካሜራ ላይ ዘንጉ መዝጊያውን በእርግጥ ይወጥር ነበር፤ የቀሪውን ፎቶ ብዛትና የባትሪውን መጠን ደግሞ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ባሉ መርፌዎች ያሳይ ነበር። ላይካ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤም-ዲ የተባለውን ካሜራ ያለ ስክሪን ሲያወጣ እያንዳንዱን ፎቶ ካርዱ ላይ በጥሬ ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብረው) ያስቀምጥ ስለነበር ፎቶ አንሺው ማታ ካርዱን አውጥቶ ማየት ይችላል። ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ኤክስ ሃፍም 36፣ 54 ወይም 72 ፎቶ አስመርጦ፣ በየፎቶው መሀል ዘንግ የሚያስጎትት የፊልም ካሜራ ዘዴ አለው። ስለዚህ ፎቶውን ከባለቤቱ ዓይን ለጊዜው መሰወር አንድ ነገር ነው፤ ካርድ ላይ ሳይጽፉ ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀደም ሲል በተሳካልኝ አንድ ጥቅል ላይ ያየሁትንም ልጨምር። የፊልም እህል፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚታየው ደቃቅ ነጠብጣብ፣ ከብር ጨው ቅንጣቶች የሚመጣ በመሆኑ ሁለት ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይገኝም። ከዚያ ጥቅል ሁለት ፎቶዎች አትሜ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን በግራ ማዕዘን በኩል ያሉት ነጠብጣቦች በቦታም በቅርፅም አንድ ናቸው፤ አንድ መጋረጃ በሁሉም ላይ ተጥሏል ማለት ነው። ከዚህ የባሰው የነጭ ልብስ ጉዳይ ነው። የኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፤ የነጠላው ነጭ ቢደምቅም ሽመናው ኔጋቲቩ ላይ ይቀራል፣ በኅትመት ጊዜም ብርሃን ጨምረን እናወጣዋለን። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ) ግን አንዴ በብርሃን ከሞላ የሚያስቀረው ነገር የለም። ካሜራው የብርሃን መጠኑን ለእኔ ሳይተው ራሱ ስለሚወስን፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ፊት ያነሣኋቸው እናቶች ነጠላቸው ጥለቱ ብቻ ቀርቶ ሌላው ወረቀት ሆኗል። አገር ልብሱ ነጭ በሆነበት ቦታ የሚሸጥ ካሜራ ቢያንስ ብርሃኑን መቀነሻ አንድ ቁልፍ ሊኖረው ይገባ ነበር።

በመሆኑም 31ዱ ፎቶዎች በካሜራው የውስጥ ማኅደር ላይ ተርፈው ከሆነ በባለሙያ አስፈልጋችሁ እንድታስረክቡኝ፣ እያንዳንዱ ፎቶ በተነሣበት ቅጽበት ካርድ ላይ እንዲጻፍ የሚያደርግ ማሻሻያ እንዲያወጣም ለአምራቹ በጽሑፍ እንድታሳውቁልኝና የደብዳቤውን ግልባጭ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። ይህ በ15 ቀናት ውስጥ የማይቻል ከሆነ ካሜራውን ተረክባችሁ የከፈልኩትን ሙሉ ዋጋ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጥቅል አልጀመርኩበትም፤ ማኅደሩ ላይ ሌላ ነገር እንዳይጻፍበት ባትሪውን አውጥቼ ከነካርቶኑ አስቀምጬዋለሁ። ስልክ ቁጥሬን በሽያጭ ደረሰኙ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የሽያጭ ደረሰኝ ቅጂና ሁለት የታተሙ ፎቶዎች